የኅዋውን ደመና ማን ቀለም ቀባው?

«ይህ እኮ በኮምፒውተር የተቀባ ነው!» የኔቡላ ፎቶግራፍ በመጽሔት ገጽ በወጣ፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ በታተመ ቁጥር ከተመልካቾቹ አንዱ ይህን ማለቱ አይቀርም። ባዩ ብዙውን ጊዜ የተማረና ላለመታለል የቆረጠ ሰው ነው። ምናልባትም አንድ ቀን በቴሌስኮፕ ተመልክቶ ይሆናል፤ ያኔ ያየው አመድማ ጭጋግ እንጂ በቀይና በሰማያዊ የሚንቦገቦግ እሳት አልነበረም። ስለዚህ ክሱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። የሚያሳዝነው ለክሱ የሚሰጠው መልስ ነው። ፎቶ አንሺው ይቆጣና «ሰማዩ እንዲህ ነው፤ ያየሁትን ነው ያነሣሁት» ይላል። ከሳሽ ያልተቀባውን ተቀባ ይላል፤ ተከሳሽ ያላየውን አየሁ ይላል። ሁለቱ ስለ ቀለም ሲጨቃጨቁ ዋናው ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። ጥያቄውም በፎቶው ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ነጥብ ከሰማይ መጥቷል ወይስ አልመጣም የሚለው ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መመልከት ይሻላል። በጥር ሌሊት ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ቀና ብሎ ለተመለከተ ሰው ኦሪዮን ከአናት በላይ ሊባል በሚችል ከፍታ ያልፋል። ስሙ ለመጽሐፈ ኢዮብ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ሦስት ኮከቦች እንደ መቀነት ተሰልፈዋል፤ ከመቀነቱ አጠገብ ሰይፍ የሚባሉ ደብዘዝ ያሉ ኮከቦች ተንጠልጥለዋል፤ ከእነዚህም የመካከለኛው እንደ ሌሎቹ ያልጠራ፣ ጠርዙ ጭጋግ የለበሰ ነው። እርሱ ወደ 1,350 የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኝ፣ በውስጡ ኮከቦች የሚወለዱበት የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ኔቡላ የሚለውም ቃል በላቲን ጭጋግ ወይም ደመና ማለት ነው።

ይህን ደመና ዓይን አመድማ አድርጎ የሚያየው ደመናው አመድማ ስለሆነ አይደለም። በጨለማ የሚያገለግሉት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ለጥልቅ ቀይ ብርሃን ደግሞ ከሞላ ጎደል ዕውር ናቸው። በዚያ ላይ ዓይን ብርሃንን አያጠራቅምም። የተቀበለውን በሰከንድ ክፍልፋይ ውስጥ ጥሎ አዲስ ይቀበላል። በሌሊት መንገድ ለሚሄድና ከብቱን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ጸጋ ነው፤ ለሩቅ ደመና ግን አይበጅም። «በዓይን ያልታየ ነገር ፎቶ ላይ ከወጣ ተቀብቷል ማለት ነው» የሚለው ተከራካሪ እንግዲህ ሚዛን ያደረገው ለዚህ ሥራ ያልተሠራ መሣሪያ ነው።

ካሜራው ተአምር አያደርግም፤ ይጠብቃል። መዝጊያውን ከፍቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ብርሃን ያጠራቅማል። ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በየደቂቃው ሩብ ዲግሪ ያህል ይሸሻልና ካሜራው በዚያው ፍጥነት ኮከቦቹን በሚከተል ባለ ሞተር መቆሚያ ላይ መቀመጥ አለበት። አማተሩ በአንድ ፎቶም አይረካም። መቶ፣ ሁለት መቶ አንሥቶ በኮምፒውተር ይደራርባቸዋል። መደራረብ የሚለው ቃል ሲነገር ከሳሹ «ይኸው!» ማለቱ አይቀርም። ዳሩ ግን የሚደረገው አማካይ ማውጣት ብቻ ነው። ከደመናው የመጣው ብርሃን በመቶውም ፎቶ ላይ በአንድ ቦታ ይገኛል፤ በዘፈቀደ የሚመጣው ጉድፍ ግን ከፎቶ ፎቶ ይለዋወጣል። ስለዚህ መቶ ፎቶ ሲደራረብ የደመናው ምልክት ከጉድፉ አንጻር አሥር እጥፍ፣ አራት መቶ ሲደራረብ ሃያ እጥፍ ጎልቶ ይወጣል። አንድ ምስክር ብቻውን የተናገረውን የሚጠራጠር ዳኛ፣ መቶ ምስክሮች ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሲሰጡ ምን ይላል? ተመካክረዋል ይል ይሆን?

ጥንቁቅ አማተር ደግሞ የራሱን መሣሪያ ይመረምራል። ክዳኑን ዘግቶ፣ በዚያው ሙቀትና በዚያው የጊዜ ርዝመት ጨለማውን ፎቶ ያነሣል፤ በዚያ ላይ የወጣው ብርሃን ሁሉ የሴንሰሩ እንጂ የሰማይ አይደለምና ይቀነሳል። ወጥ ብርሃን ያለው ነጭ ገጽም ያነሣል፤ በሴንሰሩ ፊት ያረፈች የአቧራ ቅንጣት ጥላና የሌንሱ ጠርዝ ጨለማ በዚህ ይታወቁና ይታረማሉ። በየጋዜጣው ለሚወጣው የስብሰባና የምረቃ ፎቶ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያደርግ ማን አለ? ያንን ግን «ተቀባ» የሚለው የለም።

ጥፋቱን ሁሉ በኮምፒውተር ላይ መጫንም ታሪክን መዘንጋት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኦሪዮንን ኔቡላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ያነሣው ሄንሪ ድሬፐር የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ነው፤ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1880፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ብርሃን አጠራቅሞ አነሣው። በ1883 እንግሊዛዊው አንድሩ ኮመን፣ ሙያው ምሕንድስና ሲሆን፣ ከለንደን አጠገብ በኢሊንግ በመኖሪያው ግቢ ባቆመው 36 ኢንች መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ ያንኑ ደመና አነሣ። በፎቶው ላይ የሰው ዓይን በቴሌስኮፕ እንኳ ያልደረሰባቸው ኮከቦች ወጡ። በተከታዩ ዓመት የብሪታንያ የንጉሣዊው ሥነ ፈለክ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሰጠው። በ1888 ደግሞ በሃርቫርድ የሥነ ፈለክ ጣቢያ ትሠራ የነበረችው ዊሊያሚና ፍሌሚንግ፣ ቀድሞ የቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት፣ የፎቶግራፍ መስታወቶች ስትመረምር ዛሬ የፈረስ ራስ የሚባለውን ጥቁር ደመና አገኘች። በካታሎጉ ስሟ በተገቢው ቦታ እስኪጻፍ ሌላ ሃያ ዓመት ፈጀ፤ ያ ሌላ ጉድ ነው። በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የለም። የተቀባ ነገር ይፈለግ ከተባለ የተቀባው መስታወቱ ነው፤ ያውም በብር ጨው።

ይሁንና ከሳሹን የሚያናድደው ቀለሙ ነውና እርሱን መሸሽ አይገባም። እንደ ኦሪዮን ያለ ደመና በአብዛኛው ሃይድሮጂን ነው፤ በውስጡ ባሉት ትኩስ ኮከቦች ሲነድ 656 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ሁለት ኤሌክትሮን ያጣ ኦክስጅን በበኩሉ ወደ 501 ናኖሜትር ገደማ አረንጓዴ ብርሃን ይሰጣል። ተራው የገበያ ካሜራ ታዲያ ከሴንሰሩ ፊት አንድ ማጣሪያ አለው። የሰው ፊት በቀን ብርሃን የተፈጥሮ መልኩን እንዲይዝ ተብሎ የተገጠመ ሲሆን፣ ያንን የሃይድሮጂን ቀይ አብዛኛውን ቆርጦ ያስቀረዋል። አማተሮች ማጣሪያውን በሌላ የሚያስቀይሩት ስለዚህ ነው፤ ካኖንም በ2005 ለዚሁ ሥራ ሃያ ዲኤ የተባለ ካሜራ አውጥቶ ነበር። እንግዲህ ሰማዩን የነካካው ማነው? ማጣሪያውን ያስነሣው ነው ወይስ መጀመሪያ የገጠመው? «ያልተነካ ፎቶ» እየተባለ የሚወደሰው ፎቶ አንድ መሐንዲስ ለሠርግና ለልደት ብሎ ቀድሞ የነካው ነው።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ በ1995 በሀብል ቴሌስኮፕ የተነሣውና «የፍጥረት ምሰሶዎች» በሚል ስም የታወቀው ፎቶ ያስከተለው ልማድ ነው። በዚያ ፎቶ የድኝ ብርሃን ቀይ፣ የሃይድሮጂን አረንጓዴ፣ የኦክስጅን ሰማያዊ ሆኖ ቀርቧል። ድኝና ሃይድሮጂን በተፈጥሯቸው ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ እንዳሉ ቢተዉ አንዱ ከሌላው አይለይም፤ የተለያየ ቀለም የተሰጣቸው ጋዞቹ የት የት እንዳሉ ለመለየት ነው። ብዙ አማተሮች ይህንኑ አሠራር ወስደዋል። ጠባብ ማጣሪያው ከከተማ የመንገድ መብራት የሚበዛውን ስለሚያስቀር በብርሃን በተጥለቀለቀ ሰፈር ለሚኖር ሰው ደግ ነገር ነው። ይህ ውሸት ነውን? በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመልክዓ ምድር ካርታ ደጋውን ቡናማ፣ ቆላውን አረንጓዴ ያደርጋል። በዚህ ስሌት የአፋር ዝቅተኛ ምድር በካርታው ላይ የለመለመ ሆኖ ይታያል። መምህሩን ግን በሐሰት የከሰሰው ተማሪ የለም፤ በካርታው ጥግ የቀለሙ መፍቻ ተጽፏልና።

ወቀሳው ወደ ፎቶ አንሺዎቹ መዞር ያለበት እዚህ ላይ ነው። መፍቻውን የሚጽፉት ስንቶቹ ናቸው? ፎቶው ያለ ቀን፣ ያለ ቦታ፣ ያለ ማጣሪያው ዓይነት ይለቀቃል፤ ከሥሩ «የጽንፈ ዓለሙ ውበት» ወይም ይህን የመሰለ ባዶ ቃል ይጻፋል። ተመልካቹ ቀለሙ በምን ስሌት እንደ ተመደበ ሳይነገረው ቀርቶ ኋላ ከሌላ ሰው ሲሰማ ተታለልኩ ቢል ይፈረድበታል? የአንዱን ቋንቋ ነገር በሌላው የሚያቀርብ ሰው በሽፋኑ ላይ ትርጉም መሆኑን ይጽፋል። ደመናውን ዓይን ወደሚያነበው ቀለም የሚመልስ ሰውም ከዚህ ያነሰ ግዴታ የለበትም። ብዙ አማተሮች ግን ሙያቸውን አስረድተው ከመከበር ይልቅ ምሥጢር አስመስለው መደነቅን መረጡ። «ያየሁት ነው» የሚለው አባባልም ከዚሁ ኩራት የመጣ ነው። እርሱ አላየውም፤ ያየው ሴንሰሩ ነው።

ይህ ቸልተኝነት ቀድሞ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ዛሬ ግን አይደለም። በ2023 የአንድ ታዋቂ የእጅ ስልክ ተጠቃሚ ሆን ብሎ ያደበዘዘውን የጨረቃ ሥዕል በኮምፒውተር ገጽ ላይ አስቀምጦ፣ ከክፍሉ ሌላ ጥግ በዚያ ስልክ ፎቶ አነሣው። በሥዕሉ ላይ ያልነበሩ የጨረቃ ጎድጓዳዎች በፎቶው ላይ ጥርት ብለው ወጡ። ስልኩ ጨረቃ ምን እንደምትመስል ተምሯልና ያላየውን ሞላ። ለአማተሮች በተሠሩት ፕሮግራሞችም ላይ እንዲሁ ከብዙ ፎቶ የተማሩ ማጥሪያዎች ገብተዋል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የከባቢ አየርና የሌንስ ድብዛዜን የሚቀንሱ ናቸውና በጅምላ መኮነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ያለውን በማጥራትና የሌለውን በመጨመር መካከል ያለው ድንበር በዓይን አይታይም፤ ድንበሩን የሚያውቀው ፕሮግራሙን የከፈተው ሰው ብቻ ነው፣ እርሱም ሁልጊዜ አይደለም። በጥቂት ቃላት ታዝዞ ሙሉ ኔቡላ የሚሥለው መሣሪያ ደግሞ ሌላ ነው። ከሰማይ አንዲት የብርሃን ቅንጣት አልተቀበለም፤ ሥዕል ነው፤ እንደ ሥዕል ይደነቅ።

«ታዲያ ምን ቸገረ? ውጤቱ ያምራል፣ ከሌላውም አይለይም» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልሱ የአሜሪካዊው አማተር የጄይ ማክኒል ታሪክ ነው። ማክኒል በጃንዋሪ 2004 በኬንታኪ ግዛት፣ በፓዱካ ከተማ፣ ከቤቱ ጓሮ በ3 ኢንች ቴሌስኮፕ በኦሪዮን ውስጥ ያለውን ኤም 78 የተባለ ኔቡላ አካባቢ አነሣ። ሦስት ኢንች ማለት 7.6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ አፉ ከሻይ ብርጭቆ ብዙ አይሰፋም። ፎቶውን ሲመረምር በካታሎግ የሌለች አንዲት ትንሽ ደመና አገኘ። ባለሙያዎች ትላልቆቹን ቴሌስኮፖች ወደዚያ ሲያዞሩ በአቧራ የተሸፈነ ወጣት ኮከብ በድንገት ደምቆ በዙሪያው ያለውን ደመና እንዳበራው ተረጋገጠ። ከዚያ የቀድሞ ፎቶዎች መፈተሽ ጀመሩ። ኤቨሬድ ክራይመር የተባለ ሌላ አማተር በ1966 ያንኑ የሰማይ ክፍል በፊልም አንሥቶ ነበር፤ ፎቶውም በመጽሐፍ ታትሞ ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ደመናዋ እዚያ ነበረች! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በፎቶው ላይ ተቀምጣ ልብ ያላት አልነበረም። ኮከቡ ከ2004 በፊትም ነድዶ እንደ ነበር የታወቀው ከዚያ ፎቶ ነው።

ክራይመር ያነሣውን ነገር አያውቀውም ነበር፤ የፎቶው ክብርም እዚህ ላይ ነው። ሐቀኛ ፎቶ አንሺው ያልጠረጠረውን እንኳ ይዞ ይቆያል። ከሌሎች ፎቶዎች የተማረ መሣሪያ ግን መስጠት የሚችለው የተማረውን ነው። በ2003 ኤም 78ን ቢሥል ኖሮ ሌሎች እንዳነሡት፣ ያለ አዲሲቱ ደመና ይሥለው ነበር፤ በማክኒል ፎቶ ላይ የታየችውንም ነጥብ እንደ ጉድፍ ቆጥሮ ሊያጠፋት ይችል ነበር። የአማተሮች ግኝትም በማክኒል አላበቃም። በ2023 መጀመሪያ በታተመ አጭር ጽሑፍ፣ የፈረንሳይና የጀርመን አማተሮች ከባለሙያዎች ጋር ሆነው በአንድሮሜዳ ጋላክሲ አቅጣጫ ትልቅ የኦክስጅን ብርሃን ቅስት ማግኘታቸውን አስታወቁ። አንድሮሜዳ በሰማይ ላይ እጅግ ብዙ ጊዜ ፎቶ ከተነሡት ነገሮች አንዱ ነው። ቅስቱን ያገኙት በጠባብ የኦክስጅን ማጣሪያ ለብዙ ሰዓት ብርሃን በማጠራቀም ነው። በታዋቂው አንድሮሜዳ ተምሮ የሚሞላ መሣሪያ ያንን ቅስት ከየት ያመጣው ነበር?

«ይህ ሁሉ የባለጸጋ አገር ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ለአፍሪካ ቀንድና ለምሥራቅ አፍሪካ ምን ይፈይዳል?» የሚሉም አይጠፉም። ቴሌስኮፕና ባለ ሞተር መቆሚያ ውድ መሆናቸው አይካድም። በዚያ ላይ ዕቃው ለሌላ አገር ሰማይ ተብሎ የተሠራ ነው። መቆሚያው ሰማይ ወደሚዞርበት ዋልታ መነጣጠር አለበት፤ የመመሪያው መጽሐፍም «የሰሜን ኮከብን ፈልግ» ይላል። ይህ ኮከብ ከለንደን ከአድማስ በላይ 51 ዲግሪ፣ ከአዲስ አበባ ግን 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከእንጦጦ በታች ላለ ሰው ተራራው ይጋርደዋል። ከናይሮቢማ ከአድማስ በታች ነው። አንዳንዱ መቆሚያ እንዲህ ወዳለ ዝቅተኛ ማዕዘን ጨርሶ አይወርድም። ሰማዩ ግን በተቃራኒው ያደላል። ለለንደን ሰው ፈጽሞ የማይወጣው የካሪና ኔቡላ ከአዲስ አበባ 21 ዲግሪ ያህል፣ ከናይሮቢ 31 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በሰኔና በሐምሌ የሚታዩትን የሳጂታሪየስ ኔቡላዎች በኢትዮጵያ ደጋ ክረምቱ ይሸፍናቸዋል፤ እርሱን ምንም ማድረግ አይቻልም።

መጀመሪያውም የግድ ውድ አይደለም። ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አሮጌ ካሜራና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ያለው ሰው፣ ያለ ሞተር፣ ኦሪዮንን ለ6 ሰከንድ ያህል ሁለት መቶ ጊዜ ቢያነሣ የ20 ደቂቃ ብርሃን አጠራቀመ ማለት ነው። የሚደራርበውን ፕሮግራም በነፃ ያገኛል። ውጤቱ ከሰይፉ መካከል ትንሽ ሮዝ ጭጋግ ነው፤ ጠርዙ የሻከረ፣ ለቀን መቁጠሪያ የማይበቃ። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ያ ወጣት ይህን ፎቶ በጥቂት ቃላት ትእዛዝ ከተሠራው አንጸባራቂ ሥዕል ጋር አወዳድሮ ሊያፍርበት፣ ሊጥለውም ይችላል። የሚያሳፍረው ግን ሥዕሉን «ፎቶ» ብሎ ማቅረብ ነው። በሮዙ ጭጋግ ውስጥ ያለው ብርሃን ከ1,350 ዓመት ጉዞ በኋላ በእርሱ ካሜራ ላይ ያረፈ ነው፤ በሥዕሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርሃን የለም።

ስለዚህ የኔቡላ ፎቶ የሚያትም መጽሔት፣ ኤግዚቢሽን የሚያዘጋጅ ማኅበርም ሆነ ውድድር የሚዳኝ ሰው ከፎቶው ጋር ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሌንሱን፣ የፎቶዎቹን ብዛትና የቆዩበትን ጊዜ፣ የማጣሪያውን ዓይነት፣ ቀለሙ በምን ስሌት እንደ ተመደበና የትኛው ፕሮግራም እንዳለፈበት ሊጠይቅ ይገባል። ሦስት መስመር ይበቃዋል። ያልተደራረቡት የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎችም ሳይሰረዙ ይቀመጡ፤ ጠያቂ ሲመጣ የሚቀርቡት እነርሱ ናቸው። ይህን ለመስጠት የሚያንገራግር ፎቶ አንሺ «ተቀባ» ሲባል መቆጣቱን ቢተው ይሻላል።

የማክኒል ኔቡላ ከ2004 በኋላ ጠፍቶ በ2008 ዳግም ደመቀ፤ በ2018 ደግሞ ደበዘዘ። በኤም 78 አካባቢ ፎቶዎች የሠለጠነ መሣሪያ ሣል ቢባል ደመናዋን ከቦታዋ ሊያስቀምጣት ይችላል፤ በፎቶዎቹ ላይ አይቷታልና። ባለ 3 ኢንች ቴሌስኮፕ ያለው የናይሮቢ ወይም የአዲስ አበባ አማተር ግን ካሜራውን ወደዚያ አዙሮ በቦታዋ ጥቁር ሰማይ ብቻ ቢያገኝ፣ ያንን ጥቁር ሰማይ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጠው። ኮከቡ እንደገና ሲነድ፣ መቼ መንደድ እንደ ጀመረ የሚታወቀው ከዚያ ቀን ተነሥቶ ነው።